በስልክ የሚከፈል ገንዘብና የተማረ ሰው አደራ

ገንዘብ በየዘመኑ መልኩን ሲለዋውጥ ኖሯል፤ ሰው ገንዘብ ባየ ጊዜ በልቡ የሚነሣው ፈተና ግን ከጥንት እስከ ዛሬ ያው አንድ ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ ገንዘብ ጨርሶ የማይታይ ሆኗል። በእጅ አይዳሰስም፤ በመቀነት አይቋጠርም፤ ሲቆጠርም ድምፅ የለውም። በስልክ መስተዋት ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ቁጥር ብቻ ነው። ይህ የማይታይ ገንዘብ በከተማችን በደብረ ማርቆስ ከእህል ተራ እስከ ሻይ ቤት፥ ከባጃጅ ነጂው እስከ ልብስ ሰፊው ድረስ ገብቷል። በአማኑኤል፥ በሉማሜና በደጀንም የሻጩ የስልክ ቁጥር በካርቶን ተጽፎ በሱቅ በር ላይ ተለጥፎ ይታያል።

ስለዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን፦ «በዓይን የማይታይ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም፤ የአጭበርባሪዎች ወጥመድ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ «ጥሬ ብር የኋላ ቀርነት ምልክት ነውና ፈጽሞ ይቅር» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተውታል እላለሁ። ዋናው ጥያቄ ስልኩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚለው አይደለም። ዋናው ጥያቄ፥ ማንበብ የማይችለው ሰው ቦርሳ ማንበብ በሚችለው ሰው እጅ በገባ ጊዜ፥ የሚችለው ሰው ታማኝ ሆኖ ይገኛል ወይ? የሚለው ነው። ይህንንም የምጠይቀው ማንበብ የምትችሉትን እናንተን ወጣቶችን ነው።

አስቀድሜ አዲስ ነገር ሁሉ ለሚያስፈራቸው መልስ ልስጥ። አባቶቻችን በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር። ከአፋር በረሓ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ የሚመጣው ጨው እስከ ዐባይ አቅራቢያ፥ እስከ ታላቁ የባሶ ገበያ ድረስ ይወርድ ነበር። ጨው ግን ዝናም ሲነካው ይሟሟል፤ ከጭነት ሲወድቅም ይሰበራል። 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የታተመበት የማሪያ ቴሬዛ ብር በመጣ ጊዜ ደግሞ ሰው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ሳይመረምር አይቀበለውም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. መልካቸው የታተመበትን ብር ሲያወጡ ብዙ ሰው የለመደውን ማሪያ ቴሬዛ መርጦ አዲሱን ሸሸው። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የመጣው የወረቀት ገንዘብም ቢሆን በሕዝቡ ዘንድ እምነት እስኪያገኝ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ዛሬ ግን ያን ጊዜ የተጠላውን ወረቀት «እውነተኛው ገንዘብ ይህ ነው» እያልን እንሟገትለታለን። እንግዲህ አዲስ የሆነ ሁሉ የሚጣል ቢሆን ኖሮ ዛሬም አሞሌ ተሸክመን ገበያ በወረድን ነበር።

ደግሞስ ጥሬ ብር ከጉዳት ነጻ ነው ያለ ማን ነው? በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች በተለወጡ ጊዜ አሮጌዎቹ የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ እንዲቀየሩ ታወጀ። ያን ጊዜ ገንዘቡን በጎታና በጋን የደበቀ ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ ባንክ መሮጥ ግድ ሆነበት። በጊዜው ያልደረሰ ሁሉ ወረቀት ታቅፎ የሚቀር ነበር። ጎታ የሚጠብቀው ወረቀቱን እንጂ የወረቀቱን ዋጋ አይደለም።

የስልኩ ገንዘብ ጥቅም በእውነት ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር የሚባለውን አስቀድሞ አቋቁሞ ነበር፤ ቴሌብር በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የታወቀው ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። የቴሌብር ደንበኞች ብቻ ከ50 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ በከንቱ አልተሰበሰበም። የጎጃም ልጅ አዲስ አበባ ወርዶ በቀን ሥራ ያገኘውን ለእናቱ ሊልክ ሲፈልግ ቀድሞ ሁነኛ መንገደኛ ያፈላልግ ነበር። መንገዱ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የዐባይ በረሓ አለ። መንገደኛው ቢታመም፥ ቢዘረፍ ወይም ልቡ ቢከፋ የእናቲቱ ገንዘብ በዚያው ይቀር ነበር። ዛሬ ግን ያ ገንዘብ ዐባይን የሚሻገረው ቡና እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ ነው። ጤፍ ሊገዛ ወደ ብቸና የሚሄድ ነጋዴም ብሩን በከረጢት አስሮ መሄድ አይገደድም። በእነዚህ ባለፉት ዓመታት በመንገድ ላይ የደረሰውን እገታና ዝርፊያ ለሚያውቅ የአገራችን ሰው፥ ምንም እንኳ ስልኩንም የሚያስከፍት ዘራፊ ባይጠፋ፥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ «ጥሬ ብር ፈጽሞ ይቅር» ለሚሉት ልመልስ። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ። ባለ መኪና ስልክ አለው፤ አጠቃቀሙንም ያውቃል፤ ስለዚህ ይህ ትእዛዝ ቢያጉረመርመው እንጂ ጦሙን አያሳድረውም። ነገር ግን ይህን አርአያ አድርጎ ማናቸውም መሥሪያ ቤትና ማናቸውም ሱቅ በጥሬ ብር ላይ በሩን ቢዘጋ፥ በሩ የሚዘጋው በብሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብሩን በያዘው ድኻ ላይ ጭምር ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ተነሣ፤ የስልክ ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። እርግጥ በኮከብ 127 መሰላል የሚሠራው አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳሩ ግን ኔትዎርኩ ራሱ በጠፋበት ቀበሌ እርሱም ዝም ይላል። የስልክ ባትሪ ቢያልቅና መብራት ባይኖርም ነገሩ ያው ነው። በእንዲህ ያለው ቀን በመቀነቷ ጥቂት ብር የቋጠረች ሴት ለልጆቿ ዱቄት ትገዛለች፤ ገንዘቧ ሁሉ በስልኳ ውስጥ የሆነባት ግን ባለጠጋ ብትሆንም ትራባለች። ስለዚህ አዲሱ መንገድ ይከፈት፤ አሮጌው መንገድ ግን አይታጠር።

አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ያየሁትን ልናገር። ከጮቄ ሥር የመጡ አንድ ሽማግሌ 200 ብር የአገልግሎት ክፍያ ሊከፍሉ ብሩን በእጃቸው ዘረጉ። ጸሓፊዋ፦ «አባባ፥ ጥሬ ብር አንቀበልም፤ በስልክ ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው ብሩን ወደ ላይ አንሥተው፦ «ልጄ፥ ይህ የመንግሥት ብር አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቋት፤ መልስ አላገኙም። ከደጅ የቆመ አንድ ጎልማሳ ግን ቀረብ ብሎ፦ «አባባ፥ እኔ በስልኬ ልክፈልልዎት፤ 50 ብር ይጨምሩልኝ» አላቸው። ጨመሩለትም። እንግዲህ ፍረዱ። የአገሩን ሕጋዊ ገንዘብ በእጁ የያዘ ሰው፥ ገንዘቡ ገንዘብ ሆኖ ይቈጠርለት ዘንድ ሌላ ገንዘብ ከፈለ። ይህ ሥልጣኔ ነውን? እኔ ግን የቀድሞው የኬላ ቀረጥ ስሙን ለውጦ ተመልሶ መጣ እላለሁ። ኬላውን የዘጋው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ቀራጩ ግን ፊደል የቆጠረ ልጅ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዲት ቅቤ ሻጭ የደረሰባትን ራሷ ነግራኛለች። አንድ ደኅና የለበሰ ወጣት ሁለት ኪሎ ቅቤ አስመዝኖ ስልኩን ነካ ነካ ካደረገ በኋላ፦ «እማማ፥ ብሩ ገብቶልዎታል፤ ይኸው ይዩት» ብሎ የሆነ ጽሑፍ አሳያት። እርሷም ማንበብ ስለማትችል፦ «እሺ ልጄ፥ አንተ ካልህ» ብላ ቅቤውን ሰጠችው። ማታ የእኅቷ ልጅ ስልኳን ሲያይላት የገባ ገንዘብ የለም። ወጣቱ ያሳያት ጽሑፍ የሌላ ቀን፥ ለሌላ ሰው የተላከ መልእክት ኖሯል።

ይህች ሴት የተሸነፈችው በስልክ አይደለም፤ በፊደል ነው። የቀጠፋት ያልተማረ ወንበዴ ቢሆን ኖሮ ዱላ ያስፈልገው ነበር። ይህኛው ግን ዱላ አላስፈለገውም፤ በግብር ከፋዩ ገንዘብ፥ ምናልባትም በእርሷው ግብር፥ በተማረው ንባብ ገፈፋት። «አንተ ካልህ» ያለችው ቃል ትልቅ ቃል ነው። ዓይኔ አያነብምና ዓይንህን አበድረኝ ማለቷ ነው። እርሱም ያበደራት ዓይን የሌባ ዓይን ሆነ።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር በየመንደሩ ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር። ከሩቅ አገር ደብዳቤ ሲመጣ እናቶች ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ይመጡ ነበር። መምህሮቻችን ስለዚህ ሥራ ያስተማሩን ሕግ ሦስት ነው፤ የተጻፈውን አትጨምር፥ የተጻፈውን አታጉድል፥ ያነበብኸውን ለሌላ አታውራ። በደብዳቤ ውስጥ የባል ሞት፥ የልጅ እስራት፥ የዕዳ ምሥጢር ይገኝ ነበር። ያ ሁሉ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ይወድቅ ነበር። እናንተም ዛሬ የአያታችሁን ስልክ ስትከፍቱ የምትከፍቱት እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ነው። ልዩነቱ ደብዳቤው ወሬ ብቻ ይዞ ነበር፤ ስልኩ ግን ወሬውንም ገንዘቡንም ይዟል። አደራው በዛ እንጂ አላነሰም።

ታዲያ የተማረው ትውልድ በዚህ አደራ ላይ እንዴት ሆኖ ተገኘ? አገር ሁሉ የሰማውን አንድ ሌሊት ላስታውሳችሁ። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ፥ በጠላት ጥቃት ሳይሆን በራሱ የማሻሻያ ሥራ ምክንያት፥ ጉድለት ደረሰ። በዚያ ሌሊት ሰዎች በሒሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ ማውጣትና መላክ ቻሉ። ወሬውም በስልክ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሮጠ። ባንኩ በኋላ እንደ ገለጸው የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ከወሰዱትም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል፤ ሳይያዙ በፈቃዳቸው የመለሱም ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ባልመለሱት ላይ ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል ቤተሰቡ ስሙን በደስታ ያስጠራል፤ ያ ስም በሌባ ዝርዝር ላይ ሲለጠፍ ግን አባትየው በየት በኩል ወደ ገበያ ይውጣ?

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሌሊት ሲነሣ የምሰማው ማመካኛ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው፦ «ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ እንጂ አልሰረቅሁም» የሚል ነው። የጎረቤትህ ጎተራ ተከፍቶ ቢያድር ጤፉ ያንተ ይሆናልን? መዝጊያው ቢረሳ ባለቤቱ ጤፉን ለገሠ ማለት ነውን? ሁለተኛው፦ «ባንኩ ሀብታም ነው፤ አይጎዳም» የሚል ነው። ባንክ ግን የራሱ እርሻ የለውም፤ በውስጡ ያለው የአስቀማጮቹ ገንዘብ ነው፤ ከአስቀማጮቹም መካከል ያቺ ቅቤ ሻጭ ትገኛለች። ሦስተኛው፦ «ሁሉም ሲወስድ ወሰድሁ» የሚል ነው። ሌባ ስለ በዛ ሌብነት ሕግ አይሆንም፤ ብዙ ሰው አብሮ ገደል ቢገባም ገደሉ ሜዳ አይሆንም። ሕጉም ቢሆን በዚህ ላይ የቆየ ቃል አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሀብት የተጠቀመ ሰው ሊክስ እንደሚገባው፥ የማይገባውን ክፍያ የከፈለም ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ደንግጓል። ይህ ሕግ ሲጻፍ የእጅ ስልክ አልነበረም። መሣሪያው አዲስ ነው፤ «የሰው ገንዘብ የሰው ነው» የሚለው ነገር ግን አዲስ አይደለም።

ከሌላው ሰው ኪስ ሌላ ደግሞ የራሳችሁ ኪስ አለ። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ የብድር አገልግሎቶችን ጀመረ። መላ ትንሽ ብድር ነው፤ እንደኪሴ ደግሞ ገንዘቡ ያነሰውን ሰው ጉድለቱን ሞልቶለት እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። በሽተኛ ላለበት ቤት ወይም ዕቃ ለሚያመጣ ነጋዴ ይህ መልካም ርዳታ ነው። ለኳስ ውርርድና ለምሽት ግብዣ የሚበደር ወጣት ግን የአባቶቻችንን ምሳሌ ያስታውስ፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። ቀድሞ ብድር የሚጠይቅ ሰው ወደ አበዳሪው ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ ያስባል፤ ፊቱም ያፍራል፤ አንዳንዴም ከደጅ ይመለሳል። ስልክ ግን መንገዱንም እፍረቱንም አጠፋው። በጎረቤታችን በኬንያ ብዙ ወጣቶች በስልክ በወሰዱት ጥቃቅን ብድር ስማቸው በዕዳ ባልከፈሉት መዝገብ ላይ ተጽፎባቸዋል። ከጎረቤት ጉዳት መማር የራስን ጉዳት ከመጠበቅ ይሻላል።

ምናልባት «ይህን ሁሉ ከምትል ለምን ስልኩን ተዉት አትለንም?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አልልም፤ እንዲህ አድርጉ ግን እላለሁ። በመጀመሪያ፥ የሌላውን ሰው የምሥጢር ቁጥር በልባችሁም በወረቀታችሁም አትያዙ። ፊደል የማይለይ ሰው እንኳ ቁጥር ይለያል፤ ብር ሲቆጥር የኖረ ነውና። ስለዚህ አያታችሁ የራሳቸውን ቁጥር በራሳቸው ጣት እንዲነኩ አስተምሯቸው፤ እናንተም ያን ጊዜ ፊታችሁን መልሱ። ሁለተኛ፥ ገንዘብ ስትልኩላቸው የተቀባዩ ስም በመስተዋቱ ላይ ሲወጣ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውንም ቀሪ ሒሳብ ንገሯቸው። ለድካማችሁ የምትቀበሉት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከቁጥሩ ውስጥ በስውር አትቁረጡ። ሦስተኛ፥ ለገበያ ሰዎች ይህን አስተምሩ፤ ሽልማት ደረሰዎ እያለ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ቀጣፊ ነው፤ ገንዘብ መግባቱም የሚታወቀው ገዢው በሚያሳየው ጽሑፍ ሳይሆን በሻጩ በራሱ ሒሳብ ነው። አራተኛ፥ ያልጠበቃችሁት ገንዘብ ቢገባላችሁ አትንኩት። ሒሳባችሁን አይታችሁ በእርግጥ መግባቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ በድርጅቱ በኩል ለባለቤቱ መልሱ። አምስተኛ፥ ነገ የመሥሪያ ቤት ወንበር ወይም ሱቅ ስታገኙ፥ ለጥሬ ብር አንድ መስኮት ክፍት ተዉ። ሽማግሌ በገዛ አገሩ ብር ደጅ አይጥና።

ወጣቶች ሆይ! በእድር አባቶቻችን መዝገብ ያዥ ሲመርጡ ጽሑፉ ያማረለትን ብቻ አይመርጡም፤ ሰው ሳያየው የማይሰርቀውን ነው የሚመርጡት። በእቁብም ዳኛውን እንዲሁ ይመርጣሉ። የዛሬው ስልክ ከእናንተ እያንዳንዱን ያለ ምርጫ መዝገብ ያዥና የገንዘብ ዳኛ አድርጎ ሾሟችኋል። ይህን ሹመት አልጠየቃችሁት ይሆናል፤ ማንበብ ስለቻላችሁ ብቻ ግን በእጃችሁ ወድቋል። የሚቆጣጠራችሁ የለም፤ ባለ ስልኩ አያነብም፤ ማሽኑም የታዘዘውን እንጂ የተገባውን አያውቅም። ስለዚህ በእናንተና በቅጥፈት መካከል የቆመው ሕሊናችሁ ብቻ ነው።

አንዲት እናት ስልኳን ዘርግታ «ልጄ፥ እስቲ እይልኝ» ባለቻችሁ ጊዜ፥ ያለውን ያህል አለ በሉ፤ የሌለውንም የለም በሉ።